«አይረብሻትም» የሚለው ሳጥን

መጋቢት 9 ቀን። ልጄ የወር አበባዋ ከቀረ አሥራ አንድ ወር ሆነ።

ለተከበሩ የሩጫ ክለባችን ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ክለቡ ሚዛን የማይዛነፍ ይሁንልዎ እያልሁ፣ ለቅዳሜው ውድድር የወላጅ ፈቃድ እንድፈርም ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ። ይህን የምጽፈው ቢሮዎ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ ነው፤ አንዱን ቅጂ ወላጆች እንዲያነቡት ሰሌዳው ላይ እለጥፋለሁ።

አንደኛ፣ በየወሩ የምትሞሉት የጤና ቅጽ የወር አበባዋ በልምምድ ጊዜ «ይረብሻታል» ወይስ «አይረብሻትም» ብሎ ይጠይቃል። ያልመጣ ነገር ስለማይረብሽ፣ አሠልጣኟ አሥራ አንድ ጊዜ «አይረብሻትም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርገዋል። ለጥንቃቄያቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ሁለተኛ፣ ከስታ አርባ ሁለት ኪሎ የገባች ዕለት ሚዛኑ ላይ እንደቆመች ስላስጨበጨባችሁላት ውለታችሁ አለብኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቁምጣዋን ሦስት ጊዜ ያጠበብሁት እኔው ስለሆንሁ ከምስጋናው ድርሻዬን አልክድም። የወር አበባዋን ነገር ስጠይቃትም «እማዬ፣ እንዲያውም ተገላገልኩ» ስትለኝ አብሬያት ስቄያለሁ።

ሦስተኛ፣ ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ የምትበላው ለምትሮጠው ሳይበቃ ቀርቶ ሰውነቷ ሲከሳ፣ አንጎሏ እንቁላል ለሚያመርተው አካሏ የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ የወር አበባውም ይቀራል፣ አጥንቷም ይሳሳል። ከልክ ያለፈ ውፍረትም ዑደቱን እንደሚያዛባ ስትናገር ወደ እኔ አየት አድርጋለች፤ እሱን ለራሴ ይዤዋለሁ። የልጄ የቅልጥም አጥንት ግን ተሰንጥቋል፤ በዚህ እግር ብትሮጥ ሊሰበር ይችላል። አሠልጣኟ «ሲሞቃት ይለቃታል» ስላሉ፣ ሐኪሟ በከንቱ መድከሟ አሳዝኖኛል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ደክሞኛል።

ልጆቻችንን በግራም ደረጃ ለሚያውቁልን ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

የአርባ ሁለት ኪሎዋ እናት

ማስታወሻ፦ ተራዬ ደርሶ ጸሐፊዎ የት ጋ እንደምፈርም በጣቷ እያሳየችኝ ነው። የፈቃዱን ቅጽ ሳልፈርም ትቼላት እየወጣሁ ነው። ልጄ ፈርሜ እንድወጣላት በሩ ላይ ቆማለች፤ ከዛሬ ጀምሮ ላታናግረኝ ትችላለች። እርስዎም እሷን እንደማያናግሯት አውቃለሁ፤ የማትሮጥ ልጅ አናግረው አያውቁም።