«ወንድሜ አልሰከረም» ያሉት መምህር አሊዪ አደም

መምህር አሊዪ አደም ከአባታቸው ከአቶ አደም ሳልህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጣይባ አብዱልሃዲ በ1909 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት አካባቢ ተወለዱ። ቁርኣን በሰፈራቸው ከቀሩ በኋላ ነጋዴው አጎታቸው አዲስ አበባ ወስደው ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ከትምህርት ሁሉ ኬሚስትሪን ወደዱ። ጠላት አገር ሲወር ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ወደ ቆላቸው ተመለሱ።

በ1930 ዓ.ም. ከታላቅ ወንድማቸው ከሷሊሕ ጋር ተገደው ለመንገድ ሥራ ወደ ጣርማ በር ተነዱ። ጣሊያኑ የሥራ አለቃ እንዳያመልጡ ብሎ መስኮት በሌለው የቆርቆሮ መጋዘን ያጉራቸው ነበር። ብርዱ ሲጠና ፍም የሞላ በርሜል አስገባ። መምህር አሊዪ «ከሰል አየር ካጣ ይገድላል፤ ቀዳዳ ይከፈትልን» ብለው ለመኑ። አለቃው ሳቀባቸው፤ ለድፍረታቸውም ውጭ ብርድ ላይ አሳደራቸው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሷሊሕና ባልንጀሮቻቸው አልነቁም።

ግፉ በዚህ አልበቃም። አለቃው «ሰክረው ሞቱ» ብሎ አስወራ። አረቄ ቀምሰው የማያውቁ፣ ሰላታቸውን ያላጓደሉ ሰዎች ናቸው እንዲህ የተባሉት። ወሬው ሸዋ ሮቢት ደረሰና ወይዘሮ ጣይባ ለቅሶ ደራሽ አጡ።

መምህር አሊዪ አምልጠው ቆላ ወረዱ። እናታቸው ከደጃፍ ሳያስገቧቸው «እውነት ልጄ ጠጥቶ ነው?» አሏቸው።

«አልጠጣም፣ እማዬ። ሰው ሁሉ ይሰማል» ብለው ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«ካርቦን እንደ አራት እጅ ያለ መያዣ አለው» አሉ። «አየር እንደ ልብ ሲያገኝ በሁለቱ አንድ ኦክሲጅን፣ በሁለቱ ሌላ ይይዛል። ያ ከአፍንጫችን የምናስወጣው ነው። አየር ሲያጥረው ግን ከአንድ ኦክሲጅን ጋር ብቻ ይጣመራል። ይህኛው ሽታ የለውም፤ ደም ውስጥ የአየሩን ቦታ ይቀማና ሰው እንደተኛ ይቀራል። ወንድሜ አልሰከረም። በሩን ዘግተው ገደሉት።»

የመስጊዱ ሼህ አብዱልወሃብ ብድግ አሉ። «እንግዲያው በግፍ ነው የሞቱት። ተነሱ፣ ጣይባ ቤት እንሂድ።» ያን ዕለት ደጃፉ ሰው አልቻለውም።

በዚህ ንግግራቸው መምህር አሊዪ ተይዘው ተገረፉ፤ ጠላት እስኪወጣ ድረስም ታሰሩ። ከዚያ ትምህርታቸውን ጨርሰው በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖሩ። በ1938 ዓ.ም. ወይዘሮ ሐጂራን አግብተው ፋዲላን፣ ሙሀባንና አብዱልሃዲን ወለዱ።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 1986 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄደዋል። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሉ።

ያን በር የቆለፈውን ሰው እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀውም፤ አላህ ይጠይቀዋል። የመምህር አሊዪን ቀብር ያስፋልን፤ ሷሊሕንና አብረዋቸው የተቆለፈባቸውን ከሸሂዶች ይቁጠርልን።