የርብቃ ጥያቄ

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከቀኑ 8 ሰዓት

የሰንበት ት/ቤት ሕፃናት ክፍል። ሠላሳ ያህል ልጅ፣ አንድ ከበሮ፣ እኔ። የዛሬው ትምህርት፦ የንዋያተ ቅድሳት ምሳሌ። ከበሮው ላይ የተወጠረው ጠፍር በጌታ ጀርባ ላይ የወጣው የግርፋቱ ሰንበር ነው አልኳቸው። ርብቃ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሰንበሩ ከሆነ ለምንድን ነው እንደገና የምንመታው?»

አላውቅም ማለት ከበደኝ። «ለማሾፍ ከሆነ የምትመጪው፣ ቤትሽ ተቀመጪ!» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። እሷ ትምህርቱ እስኪያልቅ ቀና አላለችም።

ደክሞኝ ነው ልበል? አይደለም። አፍሬ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ርብቃ የለችም። ስሟን ስጠራ ጓደኛዋ፣ ቤት ተቀመጪ ተብላ የለ እንዴ፣ አለችኝ።

ከሰንበት ት/ቤት በኋላ የደብሩን መሪጌታ ጠየቅኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበሮ ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ግርፋቱን ልናስታውስ እንጂ ልንደግመው አይደለም አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ልጅ እስከ ዛሬ እንደሌለም ነገሩኝ። ማነች ሲሉኝ ስሟን ነገርኳቸው፤ እንዴት እንደመለስኩላት ግን አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ከምሽቱ 3 ሰዓት

ከሥራ ወደ ሾላ ገበያ። የርብቃ እናት ወ/ሮ አስካለ እዚያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ልጅሽን ይቅርታ ልጠይቃት አልኳት። ዕቃዋን ሰብስባ ይዛኝ ሄደች። ቤታቸው በእንጦጦ መንገድ፣ ዳገቱ ላይ። ርብቃ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ገመዱ ጋ ለመድረስ ስትንጠራራ ሹራቧ ከፍ አለ። ጀርባዋ ላይ ሦስት ሰንበር። አንዱ ገና እንዳበጠ ነው።

ሰንበሩን ማየቴን እናትየው አወቀች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የእንጀራ አባቷ ቀበቶ ነው፣ ቤቱ በሱ ስም ነው፣ ከዚህ ብወጣ የት እገባለሁ አለችኝ።

ርብቃ መጥታ ጨበጠችኝ። «ቲቸር፣ ሁለተኛ አልጠይቅም። ልምጣ?»

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ እሷ ትለምነኝ! ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት፣ ነይ አልኳት። ከዚያ የቀረበልኝን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ስለ ሰንበሩ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ያን ቀን የጠየቀችኝ ስለ ከበሮ ብቻ አልነበረም። ሠላሳ ልጅ ፊት ነገረችኝ። እኔ አሳቅሁባት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። የምሳ ሰዓት

እንቅልፍ የለም። ጠዋት ለመሪጌታ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያልኳትንም ጭምር። አልተቆጡኝም። ምነው በተቆጡኝ ብዬ ተመኘሁ። እናትና ልጅ መጠጊያ ካጡ የኔ ቤት አለ አሉ፣ ባለቤታቸውም እሺ ብለዋል።

ይህን ይዤ ሾላ ተመለስኩ። ወ/ሮ አስካለ አለቀሰች። ፈራች። እሺም እንቢም አላለችም።

ለነገ ፈቃድ ወስጃለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወረዳ፣ ሴቶችና ሕፃናት ጽ/ቤት ሄጄ ላመለክት። አስካለ ከመጣች ከሷ ጋር። ካልመጣች ብቻዬን።