ሰባኪው ያላሉት ቃል

የአልማዝ እናት፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንጂ ምላሴ አልደከመም፤ ታውቂኛለሽ። ፊደል አልቆጠርኩምና እኔ እናገራለሁ፣ ልጃችን አልማዝ ትጽፋለች። አታሳምሪው ብያታለሁ።

ለምን በአማርኛ ትይኝ ይሆናል። አንቺ ገበያ ላይ ኮረሪማ ለመሸጥ ከሚበቃሽ በላይ አማርኛ አልነበረሽም። ላንቺማ በቋንቋችን መቃብርሽ አጠገብ ቆሜ ነግሬሻለሁ፣ ደጋግሜ። ይሄኛው ግን የፊታችን እሁድ በጸሎት ቤታችን ይነበባል። ቤንቹም፣ ካፋውም፣ ከሰሜን የመጡት አስተማሪዎችም ይሰሙታል። የበደልኩሽ ሰው ፊት ነው፤ የምናገረውም ሰው ፊት ይሁን።

ቤቱን ቆርቆሮ አልብሰነዋል። ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም፤ ብትኖሪ ኖሮ፣ የአልማዝን አባት ዝም የሚያሰኝ ተገኘ ብለሽ ትስቂብኝ ነበር። ከሸዋ ቤንች የሚመጣው መንገድ ተጠርጎ መኪና ደጃችን ድረስ ይገባል። ጎደሬሽን አልማዝ ታርመዋለች። እኔ ላርም ብዬ ጎደሬውን ከአረሙ ጋር ነቅዬው ከለከለችኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በጸሎት ቤታችን ጭቅጭቅ አለ። አዲስ የመጣው ወንጌላዊ፣ የኛው የቤንች ልጅ ነው፣ ስብከቱም ጸሎቱም በቤንችኛ ይሁን፣ ለማይሰሙት ደግሞ ወደ አማርኛ ይተርጎም አለ። ከሴቶችም ሽማግሌ ይመረጥ አለ። ወጣቶቹ ኪቦርድ የሚሉትን ነገር አምጥተዋል። ሽማግሌዎቹ አምስት ነን፤ አንድ ቃል ካልሆንን ምንም እንደማንወስን ታውቂያለሽ። አራቱ እሺ ብለዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን፣ ሦስቴም እምቢ አልኩ። ከሚዛን እንግዳ ሲመጣ ምን ይለናል፣ ገና ከጫካ ያልወጣን ይመስለዋል አልኳቸው። ወንጌላዊው፣ «አባባ፣ እንግዳው በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። እናቶቻችን በየሳምንቱ ይመጣሉ» አለኝ። ጋቢዬን አነሳሁና ወጣሁ። ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው ለአማርኛ ሲል ተቆጣ ብሎ ያስባል። አማርኛ ምኔም አይደለም። የፈራሁት ትርጉም የሚለውን ቃል ነው።

እንደምታውቂው አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ከሚዛን ሰባኪ ሲመጣ ከጎኑ የምቆመው እኔ፣ የምከበረው እኔ። አማርኛዬ ግን ከየት የመጣ ነው? ቴፒ ቡና እርሻ ስሠራ ከካቦ፣ ከሠራተኞቹ አለቃ፣ የሰማሁት ነው። ና፣ ሂድ፣ ቶሎ በል፣ ምን ይገትርሃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የመጽሐፍ አማርኛ ይከብደኝ ነበር። አልገባኝም ማለት ደግሞ ሞት ነበር ለኔ። ስለዚህ ያልገባኝን በራሴ ቃል ሞላሁት። አትጣሉ፣ ሰንበት አርፍዳችሁ አትምጡ፣ ጸሎት ቤቱን በደንብ ጥረጉ። ጉዳት የለውም ብዬ ነበር።

ከዚያ የእህትሽ የበየነች ነገር መጣ።

ያን ጊዜ ቡናው ቀልቶ ነበር። በየነች ቴፒ ላይ ወልዳ ታማለች የሚል መልእክት ደረሰሽ። እሄዳለሁ አልሽ። ቡናውን ማን ይለቅመዋል፣ ረግፎ ሊበሰብስ ነው አልኩ። አንቺም፣ «ቡና በየዓመቱ ይቀላል፤ እህት ግን አንዲት ናት» አልሽኝ። በኔ ላይ እንዲያ ቆርጠሽ ስትናገሪ የመጀመሪያሽ ነበር። ቆጮሽን ጠቀለልሽ፣ ማር በቅል ሞላሽ፤ ሰኞ ልትነሺ።

እሁድ ከሚዛን ሰባኪ መጡ። ምን እንደሰበኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ስለ በጎችና ስለ እረኛ የሚል ሰምቻለሁ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። አንድ ረጅም ነገር ተናግረው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አንቺ ወዳለሽበት እያየሁ በቤንችኛ እንዲህ አልኩ፦ ሰባኪው እንደሚሉት፣ ባሏ ሳይፈቅድላት ቤቷን ትታ የምትሄድ ሴት በረከቷን በመንገድ ትደፋለች፤ ጌታም አብሯት አይሄድም።

አንገትሽን ደፋሽ። ሰኞ ጠዋት ጥቅሉን ፈታሽው። ቅርጫትሽን ይዘሽ ከኔ ጋር ቡና ለቀምሽ። ቡናው ማድረቂያው አልጋ ላይ ሳይደርቅ የበየነች መርዶ መጣ። ለቅሶ የደረሱሽ ሴቶች፣ ምነው ሳትጠይቂያት ቀረሽ ሲሉሽ፣ የጌታ ቃል ከለከለኝ አልሻቸው። አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። ሰማሁ። ዝም አልኩ።

ያን እሁድ አልማዝ ከጎንሽ ነበረች። አምስተኛ ክፍል ነበረች፣ አማርኛ ታውቃለች። ቃሉን ስናገር ቀና ብላ አየችኝ። ያኔም ምንም አላለች፣ እስከ ዛሬም ምንም አላለችኝ። አሁን እዚህ ላይ እጇ ቆሟል። ጻፊው አልኳት። ይሄንንም ጻፊው።

ያን ዓይኗን መቻል አቃተኝ። ወር ሳይሞላ ለሽማግሌዎቹ፣ ሰው አማርኛ ለምዷል፣ ትርጉሙ ጊዜ ይፈጃል፣ ይቅር አልኳቸው። እንደ ከተማ ሰው ሆንን ብለው ደስ አላቸው። ልጄን ፈርቼ መሆኑን ማን ያውቃል? ከዚያ ወዲህ አንቺና መሰሎችሽ የማትሰሙትን ስትሰሙ ኖራችሁ። ሰው ሲነሳ ትነሻለሽ፣ አሜን ሲባል አሜን ትያለሽ። ታመሽ እስክትተኚ ድረስ አንድ እሁድ አልቀረሽም። ባልሽ ግን ፊት ወንበር ላይ ነው።

በመጨረሻ አልጋ ላይ ሳለሽ አልማዝ በቤንችኛ የታተመውን ቅዱስ መጽሐፍ አምጥታ አነበበችልሽ። ውሃ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ረጅም ጊዜ አዳመጥሽና፣ «ጌታ እንዲህ ለስላሳ ነው እንዴ? አባትሽ ሲያወራው እኮ እንደ ካቦ ይቆጣ ነበር» አልሻት። እስክታስይ ሳቅሽ። ከዚያ ዞር ብለሽ አየሽኝ።

ታውቂ ነበር? ስንት ዓመት አውቀሽ ኖርሽ? ወይስ ቀልድ ብቻ ነበር? ያኔ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። እኔ ግን ውሃው ቀዝቅዟል ብዬ ወጣሁ። የሠራሁትን ክፉ ሁሉ ብትቆጥሪ ከዚያ የባሰ የለም። ቴፒ እንዳትሄጂ የከለከልኩሽ ተናድጄ ነው። ውሃውን ይዤ የወጣሁት ግን ሳልናደድ ነው።

እንግዲህ እሁድ ይህ ሲነበብ ቆሜ እሰማለሁ። ሲያበቃ እሺ እላለሁ። በቤንችኛ ይሁን። የሽማግሌነቱንም ቦታ እለቃለሁ፣ ሴት ትያዘው። ኪቦርዱን አልወደውም፤ እሱን አልዋሽም፤ ግን አልከለክልም። የሚከብደኝ ሌላ ነው። በኔ አፍ የሰሙትን እስከ ዛሬ የጌታ ነው ብለው የሚጠብቁ አሮጊቶች አሉ። ስንቱን እንደሞላሁ አላውቅም። እያንዳንዷ ትጠይቀኝ። የማስታውሰውን የኔ ነው እላለሁ፤ የማላስታውሰውን መጽሐፉ ይንገራት። ቢስቁብኝም ይሳቁ። ቢወቅሱኝም ልክ ናቸው።

በየነች ያን ጊዜ የወለደችው ልጅ ዛሬ ቤት ሠርቶ፣ አግብቶ ቴፒ ይኖራል። አክስቱ ለምን እንዳልመጣች እኔው ሄጄ እነግረዋለሁ። ጨክና ቀረች ሲባል አድጎ ይሆናል።

ይቅር በይኝ ግን አልልሽም። ይቅርታ የሚጠየቀው እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነው። በሕይወት ሳለሽ እምቢ እንዳትይ አፍሽን በጌታ ስም ዘጋሁት፤ አሁን ደግሞ መልስ በማትሰጪበት ልጠይቅሽ አይገባም። ስለዚህ አስታውሳለሁ እንጂ አልጠይቅሽም። እስክሞት ድረስ፣ ስምሽ በተነሳ ቁጥር፣ ያደረግኩሽን አብሬ እናገራለሁ።

ባልሽ