ስለ ቀኝ ትከሻዬና ስለ «ጤነኛ ነው» ወረቀትዎ

ለክቡር ዶክተር መሸሻ፣ የክብደት አንሺዎች ክለባችን ሐኪም
ኮልፌ ቀራንዮ፣ የካቲት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከመላ ቤተሰብዎ ጋር ሰላምና ጤና እንዲበዛልዎ፣ በተለይም ማኅተም የሚመቱበት ቀኝ እጅዎ አንዳች ሕመም ሳያገኘው ብዙ ዘመን እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሊፋ ረሻድ፣ ባለፈው ጥር በውድድሩ ዕለት ብረቱን ከራሴ በላይ እንዳደረስኩ ትከሻዬ ቋ ብሎ የከዳኝ ሰው ነኝ። ሁሉ እንዲያነበው በክለቡ በር ላይ የለጠፍኩትን ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በግራ እጄ ስለሆነ፣ ለፊደሌ መንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ከውድድሩ በፊት ለምርመራ ስቀርብ ጊዜዬን ስላላባከኑ አመሰግናለሁ። ከወንበርዎ ሳይነሡ እንደምን አለህ አሉኝ፤ እኔም አባቴ እንዳሳደገኝ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ አልኩ። ታላቅ ሰው ሰላም ሲለው ሕመሙን የሚዘረዝር ማን ነው? እርስዎ ግን ሰላምታዬን ምርመራ አድርገው «ጤነኛ ነው» ብለው ጻፉና ማኅተም መቱበት። ሸሚዝህን አውልቅ፣ ክንድህን አንሣ ቢሉኝ ኖሮ ያለ ሕመም ከጆሮዬ በላይ እንደማይሄድ ያዩ ነበር።

ሁለተኛ፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ ያሉት ወጌሻ ወይዘሮ ዋጋነሽ ሁለቱንም ትከሻዬን ዳብሰው፣ የሚያመኝን ቦታ በአውራ ጣታቸው አግኝተው፣ ጅማቱ ተጎድቷልና ሁለት ወር ብረት የሚባል እንዳትነካ ብለውኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ማኅተም የላቸውም። የክለቡ አለቆች ወረቀትዎን እያሳዩ ሰበብ አታብዛ ሲሉኝ አፈርኩና አነሣሁ። ዛሬ ሸሚዜን የምታለብሰኝ ባለቤቴ ዘይነባ ናት። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ በትሕትና የምልበት ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ሦስተኛ፣ ለእኔስ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ጓደኛዬ ገሜዳ ግን ክንዱን ባነሣ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል፤ የፊታችን ቅዳሜም ለመጋቢቱ ውድድር እርስዎ ዘንድ ይቀርባል። እሱም እንደኔው በጨዋ ደንብ ያደገ ነው፣ አሞኛል አይልዎትም። እባክዎ ሸሚዙን ያስወልቁት፣ ትከሻውን በእጅዎ ይንኩት፣ ክንዱን ሲያነሣ ፊቱን ይዩት፤ ካመመውም ያሳርፉት።

ቀኙ እምቢ ስላለ በግራው ብቻ እጅ የሚነሣዎ፣ ወረቀትዎ እስከ ዛሬ ጤነኛ ነው የሚለው፣
ከሊፋ ረሻድ፣ የቀድሞ ክብደት አንሺ

ማስታወሻ፦ በአየር ጤና መንገድ ብንገናኝ እባክዎ እንደምን አለህ አይበሉኝ። አባቴ ያስተማረኝን መተው ስለማልችል ደህና ነኝ ማለቴ አይቀርም፤ እርስዎም ይጽፉታል።