ሳይጠሩ የመጡ ሴሎች

ማክሰኞ

በዝተዋል! በምሳ ብሬክ ላይ ዶክተሯ ኮል አደረገችልኝ። ከታናሽ እህቴ ከጽጌ ጡት የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ፣ እጢው ውስጥ የሰውነቷ መከላከያ ሴሎች በብዛት ገብተው ተገኙ። የሷ ካንሰር ኃይለኛው ዓይነት ነው፤ ግን እነዚህ ሴሎች እንዲህ ሲበዙ ሕክምናው የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል አለች። «ተስፋ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም» ብላ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ። ዋስትናውን ለእግዜር ትቼ፣ ተስፋዋን ይዤ ጽጌ ጋ ኦክላንድ ደወልኩ።

ሰምታ ስትጨርስ ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ ባለፈው ዶክተሯ ‹ኃይለኛ ነው› ስትል አንቺ ለኔ ምን ብለሽ ተረጎምሽልኝ?»

ክው አልኩ። «ትንሽ እብጠት ናት፣ በጊዜ ተደርሶባታል» ነበር ያልኳት። ለካ ልጇ ሳሮን ወረቀቱን አንብባ ነግራታለች።

«ክፉውን የደበቀ አፍ ደግ ቢያወራ ማን ያምነዋል? ሰኞ ለኬሞው አልሄድም።» ዘጋችው።

ረቡዕ

ሚልፒታስ፣ የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ፣ የተበላሸ ብየዳ ሳላይ አሳለፍኩ። ስንት ዓመት የኮምፒውተር ሰሌዳ በማይክሮስኮፕ ስመረምር እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ለምን ደበቅኩ? እኛ ቤት ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም። አባባ እንኳ በሽታውን ሳያውቅ ነው የሞተው። አስተርጓሚ አልፈልግም ያለችው ደግሞ ራሷ ናት፤ «በስልክ የሚመጣው አበሻ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ቢሆንስ?» ብላ። እኔን አመነች። እኔም ይኸው።

ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበስኩ ግን ሐሳብ መጣልኝ። እኔን ካላመነች በዓይኗ ትየው! ክሊኒኩ ጋ ደውዬ ናሙናውን ማየት እንችል እንደሆነ ጠየቅኩ። ነርሷ ሳቀች። «እስካሁን የጠየቀን የለም። ዓርብ ኑ።»

ሳሮንን «እናትሽን እንደምንም ብለሽ አምጫት» አልኳት።
«ኦኬ አንቲ፣ ባት ኖ ሞር ሲክሬትስ።»
ከእንግዲህ ምስጢር የለም ማለቷ ነው። ይገባኛል።

ዓርብ

መጣች! ኩርፍ እንዳለች፣ ግን መጣች። የስልክ አስተርጓሚም ራሷ ጠየቀች፤ «የፈለገው አበሻ ይስማ!» ብላ። እኔ አፌን ዘጋሁ።

ዶክተሯ ስክሪኑን አዞረችልን። መደቡ ሮዝ፤ ትላልቅ፣ ቅርጻቸው የተዘበራረቀ ነገሮች፤ በመሀላቸው ጥቃቅን ድፍን ክቦች። አፌ አላስችል አለው። «መከላከያ ሴሎቹ እነዚህ ጥቁር ሰማያዊዎቹ ናቸው አይደል?»
«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ ዶክተሯ። ኩራቴ!

ጽጌ መነጽሯን አደረገች። «ይሄ ሁሉ የኔ ነው? ማን ጠርቷቸው መጡ?»
«ማንም። ራሳቸው ናቸው የገቡት። ካንሰሩ ግን አፍዟቸዋል፤ ከኬሞው ጋር የምንሰጥሽ መድኃኒት እነሱን ለማንቃት ነው።»
«ዕድሬ እንኳ ይህን ያህል ሰው የለውም!» አለች ጽጌ። አስተርጓሚው እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ዶክተሯም ሳቀች።

ከዚያ ጽጌ ኮስተር አለች። «ኃይለኛ ነው ግን?»
«አዎ፣ ኃይለኛ ነው።»
«እሺ።»

በቃ። ያን ያህል የፈራሁት ቃል ይኸው ነው። አልወደቀችም።

መኪና ውስጥ፣ «እነሱ ሳይጠሩ መጥተው እኔ ተጠርቼ ልቅር?» አለች። ትሄዳለች! ሰኞ ትሄዳለች!

ሰኞ

መድኃኒቱ እየተንጠባጠበላት ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ቅድም ነርሷ ረጅም ነገር ተናግራ ሄደች።

«ምን አለች?» አለችኝ ጽጌ።

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ፀጉርሽ ይረግፋል። ያቅለሸልሽሻል። የነቁት ሴሎች አንዳንዴ ተሳስተው ጤነኛውንም አካል ይነካሉ፤ ትኩሳት ወይ ተቅማጥ ከመጣ ወዲያው መደወል ነው። ሠራ አልሠራ ለማወቅ ገና ወራት አለው።

«ሌላስ?»
«ሌላ የለም።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሳሮን እዚያው ተቀምጣለች፤ አሁን ዞር ብላ እሷን ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅኩ።

አልጠየቀቻትም። ብርድ ልብሷን ሳብ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።