የእናትህ የወተት ቅል

ውድ ልጄ ዘይኑዲን፤

«ውድ» የሚለውን ያስገባው ሐድጉ ነው፤ ያለሱ ደብዳቤ አይጀመርም አለኝ። ይሁን ብዬ ተውኩት። ሐድጉ ያ ከአላማጣ በኩል መጥቶ ቆቦ ገበያ ዳር ጨውና ስኳር የሚሸጠው ነው፤ ታውቀዋለህ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ካሳመረብኝ ጣቴን አላሳርፍበትም ብዬዋለሁ።

አሰላሙ አለይኩም። የአንተን ደህንነት ሹፌሩ ወልደ ገብርኤል ነግሮኛል። የእኛን ልንገርህ። እናትህ ራህመት ሞታለች። ረመዳን ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ዘንድሮ ጾም መግባቱን የነገረን ጨረቃ ነው እንጂ ሆዳችን ልዩነቱን አያውቅም ነበር። አፈር ያለበስናት እኔና ሁለት መንገደኞች ነን፤ ስማቸውን አልጠየቅሁም። የዋጃ ሰው ወደ ቆቦ፣ የቆቦ ሰው ወደ ጎብዬ፣ የጎብዬ ሰው ወደማላውቀው ሄዷል። ከብቱ አልቋል። ቡሬ የመጨረሻዋ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በረቱን ልከፍት እነሳለሁ። ደጁ ጋ ስደርስ ትዝ ይለኛል። እመለሳለሁ።

ካቻምና በላክኸው ደብዳቤ፣ አስመራ ጣሊያን ቡና ቤት ገብቼ ፓፓያና ሙዝ ከወተት ጋር በማሽን እየፈጨሁ በብርጭቆ እሸጣለሁ፣ ሰዉም ተሰልፎ ይጠጣዋል አልከኝ። የሚያነብልኝን ሰው እዚያው ላይ አስቆምኩት። ቅቤ ይሸጣል፤ ወተት አይሸጥም። ወተት የእንግዳ ነው፣ የልጅ ነው። ወተት የሸጠ ቤት ላሙ ትነጥፋለች ሲባል እየሰማህ ነው ያደግኸው። መልስ ያልጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ዛሬም ነውር ነው እላለሁ። ወተት ሽጦ የማያውቀው ጎረቤቴ ሁሉ በረቱ ባዶ መሆኑንም እናገራለሁ። ሐድጉ «ይሄንንም ልጻፍ?» ይለኛል። ጻፍ አልኩት።

ባለፈው ወልደ ገብርኤል ከአስመራ ሲወርድ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቀበለኝ። «ልጅህ ነው የላከው» ብሎኝ ሄደ። ፈታሁት። ሦስት ቅል። አረንጓዴ፣ አንገቱ አጭር፣ ሆዱ ሰፊ፣ ለወተት የሚሆን ቅል። ደሜ ፈላ። ላም ለሌለው ሰው የወተት ቅል ይላካል? አስመራ ይሄን ነው ወይ ያስተማረችህ? ይድረቁ ብዬ ባዶው ጎተራ ውስጥ ጣልኳቸው።

ያን ሰሞን ኡሙሃኒ አልበላም አለች። ሚስትህ ስትሞትብህ እኛ ጋ ትተሃት የሄድካት ልጅህ አፏን እንደ አያቷ መግጠም ታውቃለች። የተገኘውን ቆሎ ሰጠኋት፣ እንቢ። ለተራበው የተከፈተው መጠለያ ጋ የዱቄት ወተት ይሰጣሉ አሉ። እኔ በድረዲን ተሰለፍኩ። ላሟን አላየሁ፣ ጥጃዋን አላየሁ፤ ወተት ነው አሉኝ። በፈላ ውሃ በጠበጥኩት። አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

«ይሄ የቡሬ አይደለም» አለችኝ።

ቡሬን እንዴት አድርጌ ላምጣላት? ክንዷ የእኔን አውራ ጣት አከለ። ስጠራት መልስ መስጠት ተወች። በዚያው በእናትህ መደብ ላይ ስትተኛ አየኋት፤ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ሐድጉ ሊጠይቀን መጣ። ገና ከመቀመጡ ጎተራው ሸተተው። እጁን ከቶ አንዱን ሲያወጣ ቢጫ ሆኖ ለስልሷል።

«አባ በድሩ፣ ይሄን ምን ብለው ነው እዚህ የቀበሩት?»

«ቅል ነው። እስኪደርቅ ነው።»

ሳቀ። የሰው ሳቅ ከሰማሁ ቆይቼ ስለነበር አልተቆጣሁትም።

«እንግዲህ ሐብሐብ ቢልክልዎ ማድጋ ነው ብለው ውሃ ሊቀዱበት ነው» አለኝ። «ፓፓያ እኮ ነው። ይበላል።»

ያኔ ነው ያስቆምኩት ደብዳቤ ትዝ ያለኝ። እኔ ማሽን የለኝም። ገበታ ላይ አድርጌ ፍሬውን አወጣሁና በእጄ ጨፈለቅሁት፤ የዱቄቱን ወተት አፈሰስኩበት፤ እስኪወፍር በጣቶቼ አማሰልኩት። በእናትህ የወተት ቅል ገለበጥኩላት። ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ቅሉን በሁለት እጇ ያዘችና አልለቅም አለች። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ሐድጉ ያውቃል፤ እሱን አትጻፍ ብዬዋለሁ።

በፓፓያው ነፍስ ዘራች። መናገር ጀመረች፤ መጨቅጨቅም ጀመረች። ግን ሦስቱም አለቁ። ዱቄቱ አለ፣ ፓፓያው የለም። ትናንት ተመልሳ አፏን ገጠመች።

ስለዚህ ዛሬ ወልደ ገብርኤል ወደ አስመራ ሲያልፍ ከጎኑ ትቀመጣለች። ይሄን ደብዳቤ የምታቀብልህ እሷ ናት። ለእኔም ቦታ አለ ብሎኝ ነበር።

«ቤቱን ማን ይጠብቀው?» አልኩት።

«ምን የሚጠበቅ አለ፣ አባቴ?» አለኝ።

ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የጠየቀው የሚታየውን ነው። የራህመትን መቃብር ድንጋይ አልብሼ አልጨረስኩም። ጅቡ ደፋር ሆኗል። በቀን ጥቂት ጥቂት ድንጋይ እሸከማለሁ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። እሷን እንዲህ ትቼ መኪና ላይ አልወጣም። አስመራ ናልኝ ብለህ እንዳትልክብኝ።

ኡሙሃኒ ቅሉን በትከሻዋ አንጠልጥላለች። የወይራው ጢስ ሽታ ገና ከውስጡ አልወጣም፤ አብዝተህ እንዳታጥበው። የምትፈጨውን በብርጭቆ ሳይሆን በዚህ ቅዳላት። መጀመሪያ እንቢ ትልሃለች፤ ብቻዋን አትተዋት፣ አጠገቧ ቁጭ በል። ለሌላው የፈለግኸውን ሽጥ። እሷ ስትጠጣ ግን እጅህ ላይ ሳንቲም አይኑር።

ወልደ ገብርኤል ጥሩንባውን እየነፋ ነው። እሷ አታለቅስም፤ እኔን ወጥታለች።

ቅሉን ሰጠሁህ አላልኩም። አውሼህ ነው። አላህ ዝናቡን ጥሎ ላም ስገዛ ትመልስልኛለህ። ይዛው የምትመጣው ግን ይዛው የሄደችው ትሁን።

አባትህ በድረዲን፤ ከዚህ በታች ያለው ጥቁር የራሴ አውራ ጣት ነው።
ቆቦ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፷፮