ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው መካከል፦ የአቶ ባምላክ ውድነህ የሕይወት ታሪክ

አቶ ባምላክ ውድነህ ከአባታቸው ከአቶ ውድነህ ካሳዬና ከእናታቸው ከወ/ሮ አረጋሽ ይመር ኅዳር 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በየጁ አውራጃ፣ ወልድያ ከተማ ተወለዱ። ዕለቱ የማርያም በመሆኑ እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው “ይሄ ልጅ የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው” ይሉ ነበር። አባታቸው በአዘቦት ቀን ልብስ ሰፊ፣ በሰርግና በማኅበር ደግሞ ክራር መቺ ነበሩ። ባምላክ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የተሰጣቸው ሥራ ቅኝት በተለወጠ ቁጥር የክራሩን ክሮች ማጥበቅና ማላላት ነበር። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺ ሆዬ ሲዞር አባትየው ጨዋታ ያወራሉ፣ ልጅየው ክሩን ያስተካክላሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወልድያ ከተከታተሉ በኋላ በ1970 ዓ.ም. ተፈትነው አዲስ አበባ ወደሚገኝ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። ቫዮሊን ተማሩ፤ በ1974 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት ተመረቁ። በዚያው ዓመት በአንድ ቴአትር ቤት የሙዚቃ ክፍል ተቀጥረው እስከ 1997 ዓ.ም. አገለገሉ። ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1972 ዓ.ም.፣ አባታቸው ዐርፈው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ተካልኝ ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላው አቶ ባምላክ ወደ አዲስ አበባ አምጥተው፣ አልብሰውና አስተምረው፣ ኖታ ማንበብ ሳይቀር አሳይተው ለወግ ለማዕረግ አብቅተውታል። ተካልኝ አባቱን አያስታውስም። አባት ያለው “ጋሼ” የሚላቸውን ወንድሙን ነበር፤ ጋሼ ሲናገሩ ቀና ብሎ ያየበት ቀን የለም።

ጥር 13 ቀን 1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ አመለወርቅ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጽመው በ1988 ዓ.ም. ልጃቸውን ሄቨንን ወልደዋል።

የአቶ ባምላክን ሕይወት የያዘው ነገር የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ መምህራቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ ጥራዝ የኖታ ወረቀት ትተውላቸው ሄዱ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ የቤተ ክርስቲያን ቫዮሊን ተጫዋች የጻፋቸው አሥራ ስድስት ድርሰቶች ናቸው። በእመቤታችን ብሥራት ይጀምራሉ፤ በጌታችን ሕማማት፣ ስቅለትና ትንሣኤ ያልፋሉ፤ የመጨረሻው ለጠባቂ መልአክ የተጻፈ ነው። ልዩ የሚያደርጋቸው ግን ቅኝታቸው ነው። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው በቀር በአሥራ አራቱ ሁሉ የቫዮሊኑ አራት ክሮች ከተለመደው ውጪ እንደ አዲስ ይቃኛሉ፤ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። በአሥራ አንደኛው፣ በትንሣኤው፣ መካከለኛዎቹ ሁለት ክሮች ቦታ ተለዋውጠው ከላይና ከታች መስቀል ሠርተው ይታሰራሉ። መምህሩ ይህን እንደ ትልቅ ጉድ ሲነግሯቸው አቶ ባምላክ “ይህማ የአባቴ ሥራ ነው” ማለታቸውን እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በአውሮፓ የተቀረጹ ቅጂዎችን በካሴት እየፈለጉ ሰሙ። የሚበዙት ተጫዋቾች ሦስት አራት ቫዮሊን ቀድመው ቃኝተው እያቀያየሩ ነው የሚጫወቱት፤ ክሩ ለአዲሱ ቅኝት ካልለመደ እየሸሸ ያስቸግራልና። አቶ ባምላክ ይህ አልጣማቸውም። አባታቸው በአንድ ክራር ሰርግ ውለው ለቅሶ ያመሹ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቫዮሊን፣ በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን ቅኝት ክሩ እስኪቀበለው ድረስ አብረውት እየኖሩ ሊቀርጹ ለራሳቸው ቃል ገቡ። ለሃያ ዓመት ጊዜም ቦታም አላገኙም።

ቴአትር ቤቱ የሙዚቃ ክፍሉን ሲቀንስ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ወደ ጁባ መጡ። ወ/ሮ አመለወርቅ ካስተም ከሚባለው ገበያ አጠገብ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ አቶ ባምላክ ዕቃ ግዢውን እየተቆጣጠሩ ምሽት ላይ ለእንግዶች ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። በዚህ ከተማ ድምፅ መቅረጽ እንዴት እንደሚያስቸግር እዚህ ለተሰበሰብን አይነገርም። በየግቢው ጄኔሬተር ይጮኻል፣ የሚቆምበት ሰዓት የለም። ጸጥታውን ያገኙላቸው የአገራቸው ሰው፣ የወሎው አቶ ሙደሲር ናቸው። አቶ ሙደሲር ኮንዮ ኮንዮ ገበያ የዱቄት መጋዘን አላቸው። ዓርብ ዓርብ በጁምዓ ሶላት ሰዓት እሳቸውም ጎረቤቶቻቸውም ጄኔሬተራቸውን አጥፍተው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። አቶ ባምላክን ከነቫዮሊናቸውና ከነኮምፒውተራቸው በጆንያዎቹ መካከል አስቀምጠው በሩን ከውጪ ቆልፈው፣ ሶላት ሲያበቃ መጥተው ይከፍቱላቸው ነበር።

ከጥር 2000 እስከ መስከረም 2002 ዓ.ም. ድረስ ዓርባቸው ይህ ነበር። በሙቀቱ ክር ይበጠስባቸዋል፤ ሌላ ክር ከካምፓላ በሚመጣ ሾፌር እስኪደርስ ሳምንታት ይጠብቃሉ። ቅኝቱ እንዳይዛባ ሲሉ የምሽቱን ጨዋታ ተዉ። ደንበኞች “ካማንጃ ወይን?” እያሉ ቫዮሊኑ የት እንደገባ ሲጠይቁ ወ/ሮ አመለወርቅ “ሰውዬው ከነቫዮሊኑ ሱባኤ ገብቷል” ብለው ይመልሱ ነበር። አሥራ ስድስቱም ተቀርጸው አለቁ። ለብቻው ከተጻፈው ከመጨረሻው በቀር ለሁሉም የኦርጋን አጃቢ ያስፈልጋል፤ እሱን ናይሮቢ የሚኖሩ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ሊጨምሩላቸው ቃል ገብተው ነበር። አቶ ባምላክ ግን ትንሣኤው ልባቸውን አልሞላውምና አንድ ጊዜ ሊደግሙት ብለው ክሮቹን እንደገና አሻግረው አሰሩ።

አልደገሙትም። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. ግራ እጃቸው ደነዘዘ። ካምፓላ ታይተው በጭንቅላታቸው ውስጥ እብጠት መኖሩ ተነገራቸው። ሐኪሞቹ ቀስ በቀስ እግራቸውን፣ ንግግራቸውን፣ ምናልባትም ጆሯቸውን ሊነካ እንደሚችል ለቤተሰቡ ገለጹ። ቤተሰቡም እንደ ወጋችን ይህን ከበሽተኛው ደበቀ። ቫዮሊናቸው ከነሣጥኑ አልጋቸው ሥር ገባ። ተካልኝ በአዲስ አበባ የኮምፒውተር ጥገና ሥራውን ትቶ ሊያስታምማቸው መጣ።

ከዚህ በኋላ ያለው በሕይወት ታሪክ ላይ የሚጻፍ አይደለም። ወ/ሮ አመለወርቅ ግን “እስካሁን የደበቅነው ይበቃል፤ ካልጻፍከው እኔ ቆሜ እናገረዋለሁ” ስላሉ ተጽፏል። የሚጽፈው ራሱ ተካልኝ ነው። በወጉ መሠረት ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው ይጻፍ እንጂ ከሌላ ሰው ጀርባ መደበቁ አይደለም።

በጥር 2003 ዓ.ም. አቶ ባምላክ ቅጂዎቹን ለናይሮቢው ጓደኛቸው እንዲልክ ተካልኝን አዘዙት። ተካልኝ ከመላኩ በፊት ኖታውን ዘርግቶ፣ ትንሽ ኪቦርድ አጠገቡ አድርጎ አዳመጠ። የመጀመሪያው ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። ሁለተኛው አልገጠመም። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም አልገጠሙም። ወረቀቱ አንድ ነገር ይላል፣ ቫዮሊኑ ሌላ። ከአሥራ ስድስቱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ትክክል ሆኑለት። ለዚህ ድርሰት የሚጻፈው ኖታ ጣት የት እንደሚያርፍ እንጂ ምን ድምፅ እንደሚወጣ አይናገርም፤ ክሩ ሲለወጥ ድምፁ አብሮ ይለወጣል። ተካልኝ ይህን አያውቅም ነበር። አባቱ ክራር ሲቃኙ አላየም፤ ጋሼም የክራር መቺ ልጅ ነውና ያውቃል ብለው አልነገሩትም። እሱ ያሰበው ሐኪሞቹ ያሉትን ነው። ጆሯቸው ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ተነክቶ ኖሯል፣ ሳያውቁት በተሳሳተ ድምፅ ሲደክሙ ኖረዋል ብሎ አለቀሰ፤ የመጨረሻው ታዲያ ለምን ትክክል እንደሆነ ቆም ብሎ አላሰበም።

ጋሼ የተኙበት ክፍል ከእሱ አሥር እርምጃ አይርቅም። ገብቶ “ጋሼ፣ ይሄ ለምን ከኖታው ጋር አይገጥምም?” ቢል በአንድ ደቂቃ ይመለስለት ነበር። አልጠየቀም። ታላቅን፣ ያውም በሽተኛን፣ እንደዚያ ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለው። የተሳሳተ ሥራ ለሰው ቢላክ ይሳቅባቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ቢቀር ደግሞ ካስተም ያሉት የዘፈን ገልባጮች እጅ ገብቶ በየስልኩ ይዞራል ብሎ ፈራ። ስማቸውን ሊጠብቅ ብሎ አሥራ አራቱን አጠፋ። የተገለበጡባቸውን ሲዲዎች ሰባበረ። ገብቶም “ተልኳል፣ ጋሼ” አለ።

አምስት ወር ጠበቁ። በየቀኑ “ከናይሮቢ ምን አሉ?” ይላሉ፤ ተካልኝ “እየሠሩበት ነው” ይላል። ምላሳቸው እየተያያዘም ጥያቄው አልቀረም።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ቫዮሊኑን ለማየት ፈለጉ። ተካልኝ ሣጥኑን አውጥቶ ሲከፍተው ሁለቱ መካከለኛ ክሮች ተጠላልፈው አገኛቸው። ዕቃ ሲጓጓዝ የተበላሸ መስሎት ሊፈታቸው የክር ማጥበቂያውን ያዘ። አቶ ባምላክ ከአልጋቸው ቀና ለማለት ሞከሩ። “ተው። እንዳትነካው። ቅኝቱ ነው” አሉ፤ እየደከማቸውም ከአባታቸው ክራር ጀምረው አስረዱት። ተካልኝ የሰማው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው ያሳለፈው።

ኮምፒውተሩን ይዞ ካስተም ያሉትን ጥገና ቤቶች አዳረሰ። በቦታው ስንት ፊልምና ዘፈን ተጭኖበት ስለነበር ምንም አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ገብቶ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ሁሉንም ተናገረ።

“የመጀመሪያው አለ?” አሉ አቶ ባምላክ።

“አለ፣ ጋሼ።”

“የመጨረሻውስ?”

“አለ።”

“ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?” አሉት። ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ይቅር ብለዋል ብለው የሚያጽናኑ አሉ። ተካልኝ ግን ያልሰማውን ሰማሁ ብሎ አይጽፍም። በቀጣዩ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ወ/ሮ አመለወርቅ የምግብ ቤታቸውን ጄኔሬተር አስጠፍተው፣ የጎረቤቶቻቸውንም ለምነው አስጠፉ። አቶ ባምላክ በትራስ ተደግፈው ቫዮሊኑን ያዙ፤ ተካልኝ መቅረጫውን ከፈተ። ትንሣኤውን ሊደግሙት ነበር። ሁለት ድምፅ ወጣ፤ ቀስቱ ከእጃቸው ወደቀ። አንስተው ሰጧቸው፤ ደግሞ ወደቀ። “ዝጋው” አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ናይሮቢም ስለ ቅጂዎቹም አንድ ቃል አልተናገሩም።

አቶ ሙደሲር ሊጠይቋቸው ሲመጡ “እኔኮ ከመጋዘኑ በር ውጪ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ ቁልፉን ይዤ እስኪጨርስ እየጠበቅኩ አለቅስ ነበር” ብለዋል። ተካልኝ የትኛው እንደነበር፣ እንዴት እንደሚል ለመናቸው። አቶ ሙደሲር ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። “አይመጣልኝም፣ ልጄ” አሉ።

አቶ ባምላክ ውድነህ በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ ሰኔ 14 ቀን 2003 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው በዚሁ በጁባ ከተማ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ከተማው የአዲስ አገር ዋና ከተማ ሊሆን ቀን በሚቆጥርበት፣ ሰልፈኛው በየመንገዱ ዜማ በሚለማመድበት ሰሞን ነው የሄዱት። ባለቤታቸውን ወ/ሮ አመለወርቅን፣ ልጃቸውን ሄቨንን እና ወንድማቸውን ተካልኝን ትተዋል።

ከቀብር መልስ በምግብ ቤቱ ግቢ በተተከለው ድንኳን ሁለት ቅጂዎች ይሰማሉ፤ የመጀመሪያው ብሥራት፣ ቀጥሎ የመጨረሻው፣ የጠባቂ መልአኩ። ቫዮሊናቸው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ክሮቹ እንደተሻገሩ ናቸው፣ እባካችሁ ማንም አይንካቸው። ሁለቱን ሰምታችሁ መካከሉ የት እንደሄደ ለመጠየቅ ይሉኝታ አይያዛችሁ። በሩ ላይ የሚቀበላችሁ ተካልኝ ነው። እሱን ጠይቁት።

በተቆለፈ በር ውስጥ አሥራ አራቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማ እግዚአብሔር የአገልጋዩን የባምላክን ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያኑርልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።